ምልክቱ ሰዓት ነው

ታንኳ ነበር የጠየቁት፤ ለምልክት ሰዓት ሰጧቸው፣
የግድግዳ፣ ባለ ሦስት ቆጣሪ፤ ከፎቷቸው ጎን አተሙላቸው።
«ወደ ኋላ ሊመልሱን ነው!» ሲሉ ጎረምሶች ሣቁባቸው፤
«የቆመውን ልሞላ እንጂ» አሉ፣ ባርኔጣ አንሥተው፣ ሳይከፋቸው።

አቶ ቢያድግልኝ ውበቱ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣
ለክልል ምክር ቤት ዕጩ፣ በግል፣ ብቸኛ፤
ጭፍራቸው ብትሉ አንድ ባጃጅ፣ አንድ ሞንታርቦ፣ እኛ።

በቀን ስምንት መቶ ብር፤ ነዳጅ በእሳቸው፣ ምሳም በእሳቸው፤
ዓርብ ዓርብ ግን ሽሮ ነው፣ ጎናችን አሣ እየተጠበሰ፤ «አሣም ሥጋ ነው» ባይ ናቸው።

ከፋሲሎ ወደ ሽምብጥ፣ ከሽምብጥ ህዳር አሥራ አንድ፣
እኔ ስነዳ እሳቸው ሲያውጁ፣ ድምፃቸው ሲሻክር በመንገድ፦
«በሰንበት መሸታ ቤት ይዘጋ! የሠፈር ሽማግሌ ይከበር!
ከጣና ዳር ሃያ ክንድ ገብቶ ማንም ባለሀብት አያጥር!
ልጅ አባቱን አንቱ ይበል! ዋርካው ለመንገድ አይቆረጥ!
እምቦጩን በደቦ እንንቀል፣ ማሽን እስኪመጣ አንቀመጥ!»

ሊዘጉት ያሰቡት ግሮሰሪ ነው የእሑድ ማታ ቤቴ፣
የምወዳት እዚያ ትቀዳለች፤ ሃያ አራት ነው ዕድሜዬ፣ አፍላ ጉልበቴ።
ይህን አልነገርኳቸውም።
እሳቸውም ከመንጃ ፈቃዴ በቀር ምንም አልጠየቁኝም።

አንድ ቀን ገበያ መሐል የሞንታርቦው ባትሪ አለቀ።
ወርደው በባዶ ጉሮሮ ቀጠሉ፤ ኮቱ በላብ ራሰ፣ ክራቫቱ ተላቀቀ።
አንዲት ቲማቲም ሻጭ ብቻ «ስሟቸው እንጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው!» አለች፣
እሷም ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነው፣ ግማሽ ኪሎ እየመዘነች።

የምርጫው ዕለት ሰኔ ነው፤ ሌሊቱን ሲጥል አደረ።
ሰልፉ ረጅም፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፤ ጣቴ በቀለም ጠቆረ።
ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ፣ እንደ ሌባ ተሸሽጌ፤
ሰዓቱን አየሁት፣ ያውና፣ ከወረቀቱ ግርጌ።
እስክሪብቶው ላዩ ላይ ቆመ። ቆየ።
ከዚያ ዘለለው።
(የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ እስክሪብቶ ምን በወጣው።)

በማግስቱ ውጤት ሲለጠፍ በእኔ ጣቢያ በር ላይ፣
መነጽራቸውን ጠርገው ቀረቡ፣ በጣታቸው ቁልቁል ሊያዩ።
የአንዱ ሦስት መቶ ዘጠና። የሌላው ሁለት መቶ ስድስት።
የሰዓቱ፦ አንድ።
አንድ።
ዞረው አዩኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና
«ተባረክ ልጄ» አሉ፤ «አንድ ሰው አላጣሁም፤ አንተ አለህና።»

እሳቸው የመረጡት ሹም አቦ ነው።
እንግዲህ የእኔ ጣቢያ አንዱ ማን ነው?
ቲማቲም ሻጯ ትሆን? የበሩ ዘበኛ?
ወይስ መነጽሩን ረስቶ የመጣ አንድ ተሳሳች፣ መንገደኛ?
ምላሴ ላንቃዬ ላይ ደረቀ። ምርቃቱን ዝም ብዬ ወሰድኩት፤
የሰው ዕቃ ነው፣ እስከ ዛሬ አልመለስኩት።

በድምሩ መቶ ዐሥራ ሰባት። «ልጄን ስድር የመጣው ሰው ይበልጣል» አሉ።
አቤቱታ ያስገቡ እንደሆን ጠየቅኳቸው፤ ጨዋታው ቀረና ኮስተር አሉ፦
«ሠላሳ ዓመት ፈርጃለሁ። የተፈረደበት ሰው እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ።»
የቀረኝን ሂሳብ እስከ ሳንቲሙ ቆጠሩልኝ፤ ባጃጁን አስነሥቼ ሄድኩ፤ ምን እላለሁ።

መስከረም ላይ ነው ያየኋቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሐይቁ ዳር፤
ሱሪ ተጠቅልሎ እስከ ጉልበት፣ ማጭድ በቀኝ፣ ባርኔጣው ያው ነበር።
ደቦ የለም። ሰው የለም። እምቦጩ ግን አረንጓዴ ሜዳ ነው፣
አንድ እቅፍ ነቅለው ወደ ደረቅ ይጥላሉ፤ ውኃው ይከፈትና ያው መልሶ ይዘጋል።
ጥሩምባ ነፋሁ፤ አልሰሙኝም።
ተሳፋሪዬ «እንሂድ እንጂ» አለች፤ አልቆምኩም።

የመስታወቴ ተለጣፊ ዛሬም አልተላጠም፣ አራት ከሩብ እንዳለ ነው።
«ይሄ ሰዓት ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ጌጥ ነው» እላለሁ፤ ጌጥ ነው።
ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው።
ቦት ጫማ ስንት ገብቶ ይሆን?